ቆጮው ላይ የተጫነው የባትሪ እርሳስ

ከአዲስ አበባ፣ ጠዋት

ወንድሜ ታምራት በሃያ ስድስት ዓመቱ የደም ግፊት ክኒን ጀመረ። ቀጭን ነው፣ አይጠጣም፣ አያጨስም። ግራ የገባው ሐኪም ስለ ልጅነቱ ሲጠይቀው፣ ሟቹ አባታችን ግቢያችን ውስጥ የመኪና ባትሪ እየፈታ እርሳስ ያቀልጥ እንደነበር ነገረው። ሐኪሙም «እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ግን በልጅነት የገባ እርሳስ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ የደም ሥር ያደነድናል፣ ቆይቶ ግፊት ሊያመጣ ይችላል» አለው። ከዚያ ወዲህ እረፍት አጣሁ። ታናሽ እህታችን ምሕረት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትኖረውም ከሆሳዕና ወዲያ ጊምቢቹ፣ እዚያው ያደግንበት ቤት ከእናታችን ጋር ነው። ላወጣት ተነሳሁ።

ቡታጅራ

ሾፌሩ ለቁርስ አቆመ። ፍርፍር አዘዝኩ፤ ከሁለት ጉርሻ በላይ አልወርድ አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አዩኝና «ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አሉ።

«ኧረ ክፉ አያሰማን!» ብዬ ተነሳሁ። ለምሕረት ፓፓያ ገዛሁ፤ ዋጋው እጥፍ ሆኗል፣ ለመከራከር እንኳን አቅም አልነበረኝም።

ጊምቢቹ

ከሆሳዕና የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጭቃው ላይ ሲንሸራተት ቆይቶ ከሰዓት በኋላ ደረስን። አባቴ እርሳስ ያቀልጥበት የነበረው ቦታ ሣር በቅሎበታል። እፎይ አልኩ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ቆጮው የሚብላላበት ጉድጓድ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ፣ ከላዩ ግራጫ ጥፍጥፎች ተጭነውበታል።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድነው?»

«የአባትሽ እርሳስ ነዋ። ድንጋይ እንደሱ አይጫንም። ሁላችሁንም ያሳደግኩት በዚህ ቆጮ ነው።»

ቆጮ ሲቦካ ይጎመዝዛል፤ ያ ጎምዛዛ ውሃ እርሳሱን እያሟሟ ምግቡ ውስጥ ይከተዋል። «መርዝ ነው፤ ይደፋ» አልኳት።

«የዓመት ቀለባችንን? ጤና የለሽም እንዴ! ይኸው ስንበላው ኖርን፣ ምን ሆንን?»

«ታምራት የግፊት ክኒን እየዋጠ ነው!» አልኩ። አመለጠኝ።

እማዬ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ተነሳችና ዶማውን ራሷ አመጣች። ቆጮውን ከብት እንዳይነካው ራቅ አድርገን ቀበርነው፤ እርሳሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን ዕቃ ቤት ቆለፍንበት።

ሆሳዕና፣ በማግስቱ

ምሕረትን ክሊኒክ ወሰድኳት። ግፊቷ ደህና ነው። ሐኪሟ ግን «በልጅነትሽ የገባው እርሳስ በእርግዝና ጊዜ ከአጥንት ወጥቶ ወደ ፅንሱ ሊያልፍ ይችላል። ደምሽን ወስደን ለምርመራ እንልካለን፤ ክትትል እንዳታቋርጪ» አለቻት።

ምሕረት ሆዷን ይዛ «ታዲያ ቆጮውን በከንቱ ነው የደፋነው?» አለች።

«በፍጹም። ሌላ እንዳይጨመርበት ነው።»

እዚያው ሆሳዕና አክስታችን ቤት ትቻት ስመጣ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ቤት

አዲስ አበባ ተመልሼ ለታምራት ሁሉንም ነገርኩት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኼን ነው፦ አዲስ እርሳስ እንዳይገባ መከልከል ይቻላል፤ የገባውን ግን መጠበቅ ብቻ ነው። የምሕረት ውጤት እስኪመጣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

አሁንም ጮኸ። እማዬ ናት፤ ታምራትን ፈልጋ ነው። ስልኩን ተቀብሎኝ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ አዳመጣት።

«ኧረ እማዬ፣ አንቺ ምን አደረግሽ? ጨው ስለማበዛ ነው። ሐኪሙ ራሱ ነው ያለኝ፣ ጨው ነው!»

ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ጨው አይወድም። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ እናቴ ታውቃለች።