የአሰጋሽ ፊሽካ

አሰጋሽ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ኪዮስኳ ውስጥ የጠያቂ ሞባይል ታስቀምጥ ነበር። ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ሰው ሞባይሉን ለሷ ይሰጥና ቁጥር ይቀበላል፤ ዘመዱን ጠይቆ ሲወጣ በቁጥሩ ይወስዳል። ውስጥ ሰዓት ሲደርስ ፊሽካ ይነፋል። ያኔ እናትም ብትሆን፣ ሚስትም ብትሆን፣ ተነስቶ መውጣት ነው።

ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶባት ኬሞ ስትጀምር ኪዮስኳ ተዘጋች። ሌላውን ቻለችው፤ ያቃታት ድካሙ ነው። ተኝታም ድካም፣ ተነስታም ድካም።

«ይሄ በእንቅልፍ ብቻ አይለቅም» አለቻት ነርሷ። «ቀን አጠር አድርገሽ እረፊ፣ በየቀኑ ትንሽ ተራመጂ። ያለችሽን ጉልበት ደግሞ ለምትወጂው ነገር ቆጥቢ።»

የምትወደው ያው ኪዮስኳን ነው። ለፋሲካ ጠያቂ ይበዛል። «ግማሽ ቀን እንኳ ከፍቼ ካልተቀመጥኩ ምኑን ኖርኩት» አለችው ለባሏ ለቃልቤሳ።

ግን ሰፈሩ መቼ ያስቆጥባል! በሽተኛ ሊጠይቁ ሄደው ቶሎ መነሳት ነውር ነው። በሽተኛዋም ቀና ብላ ካላጫወተች ነውር ነው። የእድሯ እትዬ አደሴማ ሲቀመጡ ወንበሩ ራሱ ይደክመዋል።

«አይዞሽ ልጄ፣ የአክስቴንም ልጅ እንዳንቺው አድርጓት ነበር።»

«አሁን እንዴት ናት እትዬ?»

«አይ፣ እሷማ አረፈች።»

አንድ ቀን እሳቸውን እሸኛለሁ ብላ በሩ ጋ ደርሳ መመለስ አቃታት። ግድግዳውን ይዛ ቆመችና፣ «ቃልቤሳ፣ ፊሽካህ የት አለ?» አለች። ቃልቤሳ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ሌባ የማይፈራ፣ እትዬ አደሴን የሚፈራ።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ጥየቃው በሰዓት ይሁን።»

«ኧረ ነውር ነው! ከእድር ያስወጡናል።»

«እስረኛ እንኳ ጠያቂው በሰዓት ይወጣለታል። እኔ ምን አጥፍቼ ነው?»

በማግስቱ ቃልቤሳ በር ላይ ሳጥን ይዞ፣ ሞባይል እየተቀበለ ቁጥር ማደል ጀመረ። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እትዬ አደሴ የመጀመሪያውን ሟች እንዳነሱ ግን ፊሽካው ጮኸ። ቃልቤሳ አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የነፋው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሰዓት ደርሷል እትዬ፤ ሕጉ ነው» አለች አሰጋሽ ጋቢዋን እየተከናነበች።

«ይማርሽ እንኳ ሳልል?»

«እሱን ሲገቡ ነበር ማለት።»

እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሰፈሩም አኮረፈ። አሰጋሽ ግን ትተኛለች፣ ተነስታ ደግሞ እስከ አስፋልቱ፣ ስትበረታ እስከ ድልድዩ ትራመዳለች።

የፋሲካ ሰሞን ኪዮስኳ ተከፈተች፤ ፊሽካውም በር ላይ ተሰቀለ። ሰልፉ ረዝሞ ሳለ እትዬ አደሴ ከነኩርፊያቸው ከች አሉ። አሰጋሽ ቁጥሩን እንደያዘች ቆርቆሮውን ተደግፋ አዩዋት።

«ደከመሽ?»

እስካሁን ለማንም እንዲህ ብላ አታውቅም። «ደከመኝ እትዬ።»

«ታዲያ ተነሽልኛ! መቀመጥ ከሆነ ማን ይችለኛል?»

አሰጋሽ ከኋላ ካርቶን አንጥፋ ጋደም አለች። እትዬ ወንበሩን ሞሉት። ወዲያው አንድ ሰውዬ፣ «ሞባይሌን ስጡኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ አደሴ ፊሽካውን ከተሰቀለበት አውርደው ነፉበት።

«ቀስ በል! በሽተኛ ተኝታለች። የጥየቃ ሰዓት አልቋል!»

ከካርቶኑ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶም ማንኮራፋት።