ኦኬሎ ለእንግዳ ሲል የዘጋው በር

ወደ ጋምቤላ የወረድኩት ለጥናት ነው። የማስተምርበት የሕክምና ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹን ከትልልቅ ሆስፒታሎች አውጥቶ ለተወሰኑ ወራት ጠረፍ ላይ ሊያሠለጥን አስቦ ነበር። ሁሉ ነገር በተሟላበት ካልሆነ ማከም የማይችል ሐኪም እያስመረቅን ነው የሚል ወቀሳ በዝቶብናል። የእኔ ሥራ ቦታውን አይቶ "ይሆናል" ወይም "አይሆንም" ማለት ነበር።

ተማሪ ላኩልኝ ብሎ ማመልከቻ የጻፈው ዶክተር ኦኬሎ የአኙዋ ተወላጅ ነው፤ እኔው አስተምሬዋለሁ። በጋምቤላው ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የሚሠራው እሱ ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ከመጡለት እጅ ያገኛል፤ ካልመጡለት ብቻውን ሲንገላታ ይኖራል። ተስፋውን ሁሉ የጣለው በእኔ መምጣት ላይ ነበር።

ከመቱ ቁልቁል

መቱ አድሬ በጠዋት አውቶቡስ ያዝኩ። ጎሬ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሻይ በዳቦ ቀመስን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁለት ብቻ ነው። ጎሬ ላይ ጋቢ የደረበው ሁሉ ጋምቤላ አቅራቢያ ካለችው ቦንጋ ስንደርስ በካናቴራ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ከወሎ መጥተው አቦቦ አካባቢ የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ብዙ አልቆየችምና ለውጡን ጠየቅኋቸው።

"ክልሉስ ክልል ሆነ" አሉኝ ፊታቸውን በነጠላቸው እያራገቡ። "ሙቀቱ ግን አዋጁን አልሰማም።"

ከተማዋ መግቢያ ላይ መሥሪያ ቤቶቹ አዲስ ቀለም ተቀብተው፣ አዲስ ታፔላ ሰቅለው ነበር። ባሮ ድልድይ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት በሦስት ብር የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። ሰሃኑን የሚያክል ነበር። እንዲያ ያለ ዓሣ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

ሆስፒታሉ

በማግስቱ ኦኬሎ በር ላይ ጠበቀኝ። በዚያ የመጋቢት ሙቀት ነጭ ጋውኑን አስተኩሶ ክራቫት አስሯል።

"ምነው፣ ሙሽራ መሰልክሳ!" አልኩት። ሳቀ፤ ላቡ ግን አንገቱ ላይ ይወርድ ነበር።

ጉብኝቱ ልክ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ነበር። አስታማሚዎች ወጡ፤ ዘበኛው በሩን ዘጋ። ኦኬሎ ከአልጋ አልጋ እየመራ የእያንዳንዱን በሽተኛ ታሪክ በእንግሊዝኛ አቀረበልኝ። አንድም ነገር አላጎደለም። ኮራሁበት። በልቤ "ይሆናል" ብዬ ጨርሼ ነበር።

የመጨረሻዋ አሪየት የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። ዘመዶቿ ከሩቅ መንደር በታንኳ አምጥተዋታል። አንጀቷ ተጠምዝዞ ሆዷ ተነፍቷል፤ ዛሬውኑ ካልተከፈተ አትተርፍም። ኦኬሎ ወጥቶ በራፉ ላይ ከቤተሰቡ ጋር በአኙዋኛ ተነጋገረ። ሽማግሌ አጎቷ እጃቸውን ወደ ውስጥ እየጠቆሙ ደጋግመው አንድ ነገር ጠየቁት። እሱም ደጋግሞ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

"ምን ፈለጉ?" አልኩት።

"ችግር የለም፣ ዶክተር። ይስማማሉ" አለኝ።

መሣሪያ ተቀቅሎ፣ እጃችንን ታጥበን ብንጠብቅ አሪየት አልመጣችም። አልጋዋ ባዶውን ነበር። ቤተሰቡ ተሸክሟት ሄዷል።

ነገሩን የነገረችኝ ሲስተር አስቴር ናት። የሠፋሪ ልጅ ናት፤ አነጋገሯ ግልጽ ነው።

"በሌላ ቀን ቢሆን ከቤተሰቡ አንድ ሰው አብሮ ይገባ ነበር" አለች። "ጋውን አልብሰን፣ አፉን ሸፍነን ራስጌዋ እናቆመዋለን። የሚሠራውን አይቶ ውጭ ላሉት ይነግራል። ያን ዘዴ ያመጣው ዶክተር ኦኬሎ ነው። ከዚያ በፊት እዚህ ሆዱን የሚያስከፍት ሰው አልነበረም።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ሆነ?"

"ዛሬ እርስዎ አሉ።"

ኦኬሎን ቀና ብዬ አየሁት። "ኦፕራሲዮን ክፍል ዘመድ የሚያስገባ ሐኪም ዘንድ ተማሪ አይልኩም ብዬ ፈራሁ" አለኝ። ብትነግረኝ እኮ እፈቅድልህ ነበር አልኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እውነት እፈቅድ ነበር? እርግጠኛ አይደለሁም።

ባሮ ዳር

በሆስፒታሉ መኪና ወደ ወንዙ ወረድን። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ታንኳዋ ወደ ላይ መሄዷን በእጃቸው አሳዩን። ኦኬሎ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር በጠባብ ታንኳ ተከተላቸው። ለእኔ ቦታ አልነበረም። እዚያው ዳር ቆሜ ቀረሁ፤ እንደዚያን ቀን ከንቱነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

የተመለሰው በማግስቱ ነው። ደርሶባቸው ነበር። አጎትዬው ራስጌዋ እንደሚቆሙ ሲነግራቸው ያለ አንዳች ክርክር ታንኳቸውን አዙረዋል። አሪየት ግን ከተማ ሳይደርሱ፣ ውሃው ላይ እንዳሉ አረፈች።

ከሆስፒታሉ ማንጎ ሥር ተቀመጥን። "ይሆናል ብዬ እጽፋለሁ" አልኩት። "ያንተንም ዘዴ እጽፈዋለሁ፤ ተማሪዎቹ ሊማሩት የሚገባው እሱን ነው።"

"ይቅር፣ ዶክተር።"

"ለምን?"

"ተማሪ ሲመጣ አስተማሪ ይመጣል፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሁልጊዜ እንግዳ አለ ማለት ነው። እኔ ደግሞ እንግዳ ሲያየኝ ምን እንደምሆን አወቅሁ።"

ለመንኩት። ፈገግ ብሎ ማንጎ ላጠልኝ እንጂ ሐሳቡን አልለወጠም።

መልስ

ዳገቱን ስንወጣ ሰው ሁሉ ጋቢውን መልሶ ደረበ፤ እኔ ግን ብርዱም አልተሰማኝም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቢኖር ይህን ነው፦ ወጣት ሐኪሞችን ስንፈትን የምናየው ሥራቸውን ሳይሆን እኛን መፍራታቸውን ነው። ፍርሃታቸው ደግሞ ጉብዝና ይመስለናል፤ እኔም ኮርቼበት ነበር።

ትምህርት ቤት እንደገባሁ ባልደረቦቼ ከበቡኝና ቦታው እንዴት ነው አሉኝ። ቦታው ይሆናል አልኩ። ሐኪሙስ? ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አታገኙም፤ ግን ማመልከቻውን ትቶታል አልኩ።

"ታዲያ ለምን ተወው?" አሉኝ።

"እኛን ደስ ለማሰኘት ሲል ሰው ሞተበት" አልኳቸው።