የጋሼ ከኤ እስከ ኤም፣ የኔ ከኤን እስከ ዜድ

እንግሊዝኛ የተማርኩት በንዴት ነው። ያኔ ሮተርዳም አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ። እጄ ተላልጦ የተቀቀለ ድንች መስሏል። ለዚች ለዚች በየቀኑ ከዴን ሃግ በባቡር እመላለሳለሁ! አንድ ቀን እዛው ዴን ሃግ፣ ከቤታችን በእግር የሚደረስ ሆቴል፣ ክፍል የሚያጸዳ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። ዘልዬ ልገባ ስል ግን፣ እንግዶቹ የውጭ ሰዎች ስለሆኑ በእንግሊዝኛ ሳይፈትኑ አይቀጥሩም አሉ። እኔ ደሞ ከዘጠነኛ ክፍል ተፈናጥሬ የወጣሁ ነኝ።

ስኪልደርስዋይክ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት አብረውኝ ለሚኖሩት ጋሼ ነገርኳቸው። ድሮ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ምክር አያልቅባቸውም።

"ዲክሽነሪ ሸምድድ" አሉኝ። "እኛ እንደዛ ነው የተማርነው። እኔ ይኸው ከኤ እስከ ኤም በቃሌ ነው።"

"ከኤም ወዲያስ?"

"ከኤም ወዲያ ያለውን የትምህርት ቤታችን አዳሪ ተማሪዎች ቀደው ትምባሆ ጠቅልለው አጨሱት። ምን ላርግ፣ ጭሱን ላንብብ?"

ቅዳሜ ይዘውኝ አምስተርዳም፣ ዳፐርማርክት የሚባል ገበያ ሄዱ። ከዓሳ ሻጩ ጎን አንድ ሽማግሌ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቷል። ጋሼ ሽፋኑ የተላጠ ዲክሽነሪ አነሱ፣ ገለጥ ገለጥ አረጉና ጮሁ። "የኛው ነው! እሱ ራሱ፣ ያውም እስከ ዜድ ሙሉው!" ብለው አገላብጠው ሳሙት። ሻጩ ደንግጦ ወደ ዓሳው ተጠጋ።

ባቡር ውስጥ ገለጥኩት። አይኔ ካት ላይ አረፈ። ድመት ማለት "የታወቀ እንስሳ" ይላል። በቃ፣ ሌላ የለም! ደሜ ፈላ።

"የታወቀ ከሆነ ምን ያጽፈዋል? እኔ ባውቀው እገዛው ነበር?"

"ቆይ፣ ውሻንስ ሳታይ" አሉና አይናቸውን ጨፈኑ። "የታወቀ እንስሳ፣ የሚወረወርለትን የሚወድ።"

"ፈረስስ?"

"የታወቀ እንስሳ፣ ከላዩ ሰው የማይጠፋ።"

"እሺ፣ ሰውስ?"

"እንስሳ፣ ስለ ራሱ ብዙ የሚያወራ።"

በሳቅ ፈረስኩ። እኔ ከኋላ አንድ ሳነብ፣ እሳቸው ከፊት አንድ ሲሉ፣ ማስነጠስ "ጭንቅላት የተጣላውን ንፋስ በአፍንጫ ማባረሩ" ነው ስል፣ ጋሼ ከሳቁ ብዛት እውነትም አስነጠሱ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን አቅፋ ወንበር ቀየረች። ዴን ሃግ ስንደርስ ተስማማን፤ የፊቱ የሳቸው፣ የኋላው የኔ።

ከዛ ሽምደዳ! ሰሃኑን እያጠብኩ ሶፕ "ስብና አመድ ታርቀው የወለዱት፣ ቆሻሻ የሚፈራው" እላለሁ። ወጥ ሰሪው ያበድኩ መስሎት ቢላዎቹን ከአጠገቤ አነሳ።

የፈተናው ቀን ከጋሼ በተዋስኩት ኮት ገባሁ። ማናጀሯ ሴት ናት፣ ፈገግታ የሚባል አልፈጠረባትም። በእንግሊዝኛ አንድ ረጅም ነገር ጠየቀችኝ። ከመሃሉ ጆሮዬ የያዘው ፒሎው የሚለውን ብቻ ነው። ብድግ አልኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ እንደ ክፍላችን አለቃ ጮህኩ፤

"ፒሎው! የደከመ ራስ ሐሳቡን የሚያራግፍበት፣ ላባ የጠገበ ከረጢት!"

አፈጠጠችብኝ። ቆይታ "ሶፕ?" አለች። ለቀቅኩት። ተነስታ በሩን ከፈተችና እንግዳ ተቀባዩን ጠራችው። "ስቴርስ በለው እስቲ።" ደረጃ "አንዱ እግር ሌላውን እየጠበቀ ወደ ሰማይ የሚኬድበት መንገድ" ነው አልኩ። ልጁ በር ይዞ ሳቀ። ቀይ እስኪሆን ሳቀ።

እንዴ! እኔ ሥራ ፍለጋ መጣሁ እንጂ ሰርከስ ነኝ? ያ ሁሉ ሽምደዳ ገደል ገባ፣ ተመልሼ ወደ ሰሃኔ! ከገባ ይግባ ብዬ፣ ሳልጠየቅ፣

"ማናጀር!" አልኩ። ቃሉ በጋሼ በኩል ያለ ነው፣ ግን ከራሴ አመጣሁት። "የታወቀ እንስሳ!"

ልጁ ሳቁን ዋጠው። ሴትዮዋ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ገደልኳት ብዬ በሩን በአይኔ ለካሁ። ቀና ስትል ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል።

"ሰኞ ጠዋት ና" አለች። "ይህን ግን ለእንግዶቹ እንዳትላቸው።"

ጋሼ ጋ በሩጫ ደረስኩ። ደረጃውን እግሬ እግሬን ሳይጠብቅ ወጣሁት።

ሰኞ አንድ ቀጭን ሽማግሌ እንግዳ ከክፍሉ ብቅ ብሎ "ብላንኬት" አለኝ። ቢ! የኔ አይደለም! ወርጄ ስልክ ለመንኩና ቤት ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ብላንኬት!"

"የበግ ጸጉር ድርብ፣ ብርድ የፈራ ከላዩ የሚጥለው!"

"ብርድ ልብስ ነው አይሉኝም?"

"እሱማ ትርጉም ነው! ዲክሽነሪ አይተረጉምም፣ ያብራራል! ሌላስ አልጠየቀህም? ባስኬት? ቤድ? ኬትል?"

ስልኩን ለእንግዳ ተቀባዩ አቀብዬ ወደ ላይ ሮጥኩ። ሁለት ብርድ ልብስ ይዤ በኮሪደሩ ሳልፍ ልጁ ከታች ይሰማኛል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ፣ "እሺ፣ ዶንኪስ?" እያለ ይስቃል።