ከላፍቶ በእርጥብ ባርኔጣ

ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካርቶን አቅፌ ከሙዚየሙ በር ወጣሁ። ካርቶኑ ውስጥ የድሮ ወይዛዝርት ከነጭ ሻሽ በላይ የሚያደርጉት ዓይነት ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ነበር። በማግስቱ ሙዚየማችን የድሮ አልባሳት ቀን ሊያዘጋጅ ነው፤ ካባውና በርኖሱ ተተኩሰው ተሰቅለዋል። ባርኔጣውን ያዋሱን እትዬ የሺመቤት የሚባሉ ሴት ናቸው። የእናታቸው ነበር፤ ሲያስረክቡኝ በሁለት እጃቸው ነው የሰጡኝ። ነገ ሊያዩት ይመጣሉ።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለጥንቃቄ ብዬ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ፤ በላስቲክ ጠቀለልኩት፤ ጠርዙ ቀጥ እንዲል ደግሞ ትልቁን የዕቃ መዝገብ ጫንኩበት። ከሳምንት በኋላ ስፈታው አንዱ ጎን እንደ አህያ ጆሮ ወድቋል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ከተቀጠርኩ ገና ስድስት ወሬ ስለነበር ለማንም አልተነፈስኩም። ያየችው የግምጃ ቤቷ ሠራተኛ ብቻ ናት። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጋሽ ተክሌ የሚባሉ የድሮ ባርኔጣ ሠሪ ላፍቶ እንደገቡ ነገረችኝ። አለቃዬን ስለ አልባሳቱ አዋቂ ሰው ልጠይቅ ብዬ አስፈቀድኩ። ውሸት አልነበረም፤ እውነቱም ግን ያ ብቻ አልነበረም።

አራት ሰዓት፣ መካኒሳ

እስከ ሜክሲኮ በአውቶቡስ አሥራ አምስት ሳንቲም ከፍዬ፣ ከዚያ በሌላ መካኒሳ ደረስኩ። ከመካኒሳ ወዲያ መንገዱ የእግር ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ስለነበር ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አንዲት ሴት የበቆሎ እሸት እየጠበሰች ስትሸጥ አገኘኋትና አንድ ገዛሁ። የላፍቶን መንገድ ስጠይቃት ጫማዬን አየችና ወንዙን በድንጋዩ ተሻገሪ፣ ከባሕር ዛፉ በኋላ የጤፍ ማሳ እንዳትረግጪ አለችኝ። ካርቶኑን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ተሻገርኩ። ማዶው ለምለም ጤፍ ነው፤ ንፋስ ሲነካው ወዲያና ወዲህ ይተኛል። ለትንሽ ጊዜ የመጣሁበትን ረሳሁት።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ጋሽ ተክሌ ቤት

ጋሽ ተክሌ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ደጃቸው ላይ ለገበሬዎች የሰንበሌጥ ባርኔጣ እየሰፉ አገኘኋቸው። ወጣት ሳሉ ፒያሳ አንድ አርመን ዘንድ ሙያውን ተምረው ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። ለምን እንደተዉት ስጠይቃቸው ግራና ቀኝ አዩና፣ «ከአብዮቱ በኋላ ደንበኞቼ ግማሾቹ ታሰሩ፤ ግማሾቹ ኮፍያ አደረጉ» አሉኝ።

ባርኔጣውን አውጥተው ውስጡን ገለበጡት። ስፌቱን በጥፍራቸው ዳሰሱ። የራሳቸው እጅ ሥራ ነበር።

«ምን አገኘው?» አሉኝ።

«ጣሪያው አፍስሶ ዝናብ ነካው» አልኩ።

ጠርዙ ላይ ያለውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። «ዝናብ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር አይሠራም፣ ልጄ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። እሳቸው ማንቆርቆሪያ ጥደው በእንፋሎት ሲያለሰልሱት፣ በእጃቸው ሲስቡት፣ ቀጭን ሙጫ ሲቀቡት ከአጠገባቸው ቁጭ ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ባለቤታቸው ቂጣ በአዋዜ አቀረቡልን። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጠርዙ ተቃንቶ ነበር፤ ግን እርጥብ ነው። ባርኔጣ የሚደርቅበት የእንጨት ራስ ደግሞ የላቸውም። የመጨረሻው ባለፈው ክረምት ለማገዶ ሄዷል።

«እንግዲህ ያለው ራስ ያንቺ ነው» አሉና ሻሽ አስረው ደፉልኝ። «እስኪደርቅ አታውርጂው። ጎንበስም አትበይ።»

ሦስት ብር ብቻ ተቀበሉኝ።

አሥር ሰዓት፣ ውይይት ታክሲ ላይ

ሰው ዞሮ ሲያየኝ መንገድ የምቀይር ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን የመሳፍንት ባርኔጣ ደፍቼ፣ በላዩ ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ አንገቴን ሳላዞር ከላፍቶ እስከ መካኒሳ ሄድኩ። ማሳ ውስጥ የነበሩ ገበሬዎች ቀና ብለው አዩኝ። አንዱ እጅ ነሳኝ።

መካኒሳ ስደርስ አውቶቡሱ ሞልቷል፤ የቀረው ውይይት ነው። ውይይት ላይ ደግሞ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ መደበቂያ የለም። ስሙኒ ከፍዬ ገባሁ።

«ጠጋ በሉ፣ እሜቴ ገብተዋል» አለ አንድ ቱታ የለበሰ ሰውዬ። «ርስትዎን ጎብኝተው ነው?»

ጎመን የያዘች ሴት ሳቋን አፈነች። ሌላው ቀጠለ፤ «መሬት ላራሹ ተብሏል፤ ባርኔጣውስ ለማን ተባለ?»

ሁሉም ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ላወርደው እጄን አነሳሁ፤ ሙጫው ጣቴን ያዘው።

«እርጥብ ነው» አልኩ። «ካወረድኩት ይወድቃል። የሰው ዕቃ ነው፤ ነገ ባለቤቱ ሊያዩት ይመጣሉ።»

«ማን አበላሸው?» አለች ባለ ጎመኗ።

«እኔ።»

ከዚያ ባለ ቱታው ተነሣና፣ ጣሪያው እንዳይነካኝ መሐል ላይ ያለውን ቦታውን ለቀቀልኝ። ባለ ጎመኗ ሾፌሩ ላይ ጉድጓዱን ቀስ ብለህ እለፍ ብላ ጮኸችበት፤ እሱም ምን ሙሽራ ይዘሻል አላት። እስከ ቄራ ድረስ ሲያናውጠን ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ትከሻዬን ከግራና ከቀኝ ደግፈው ያዙኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቤት

ጎፋ ሰፈር ቤቴ ስገባ እህቴ በሩን ከፍታ ስቃ ስቃ ግድግዳ ያዘች። ራቴን አንገቴን ቀጥ አድርጌ በላሁ። ከራት በኋላ እህቴ ጠርዙን ዳስሳ ደርቋል አለች፤ አወረድነው። ቀጥ ብሎ ቆመ። ግንባሬ ላይ ቀይ መስመር ቀርቷል። የደከመኝ እግሬን ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ቀሎኝ ነበር። ያን ቀን የተማርኩት ትንሽ ነገር ነው፦ ጥፋትን መሸፈን ቀኑን ሙሉ ሲያስለፋኝ፣ መናገሩ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የፈጀብኝ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ የሺመቤት ከሰው ሁሉ ቀድመው መጡ። ባርኔጣቸው የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ እንደ አዲስ ተቀምጧል፤ ዝም ብል የሚያውቅ የለም። ወደ መስታወቱ ከመድረሳቸው በፊት ግን አለቃዬ ባሉበት፣ መዝገብ እንደጫንኩበት ነገርኳቸው። አለቃዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ የሺመቤት መስታወቱን አስከፍተው ባርኔጣውን አወጡ፤ ሁለት ጊዜ አዟዟሩት።

«ማን አቃናው?»

«ጋሽ ተክሌ። ላፍቶ ነው ያሉት።»

«ተክሌ? አለ እንዴ?» አሉና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እናታቸው ባርኔጣውን ሊለኩ ፒያሳ ሲሄዱ፣ እትዬ እጃቸውን ይዘው የሚከተሉ ልጅ ነበሩ። ሰውየው የሞተ መስሏቸው ኖሯል።

ከመዝገቡ ጀርባ አንድ ወረቀት ገነጠልኩና መንገዱን መሣል ጀመርኩላቸው፦ መካኒሳ፣ ባሕር ዛፉ፣ ማሳው። ወንዙ ላይ ስደርስ የእትዬን ጫማ አየሁ። እርሳሱን አስቀመጥኩና፣ «ነገ እሑድ ነው፤ እኔው እወስድዎታለሁ» አልኳቸው።