የበዴሳው ቤት ያፈሳል

አስካለች ዱባለ የተወለደችበት ቤት ሲፈርስ በቦታው አልነበረችም። በወላይታ፣ በዴሳን የሚያቋርጠው መንገድ ሲሰፋ እሷ ሶዶ፣ አንድ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ የሰው ቤት ፕላን ትሥል ነበር። አባቷ አቶ ዱባለ ግን ቆርቆሮው ሲነቀል፣ ግድግዳው ሲገፋ ከጎረቤት አጥር ሥር ቆመው አይተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። የበሩን መቃን ብቻ በደህና አስነቅለው፣ አይሱዙ ላይ አስጭነው፣ ሶዶ ልጃቸው ዘንድ ገቡ።

ታላቅ ወንድሟ አንጁሎ ይህን ሁሉ የሰማው በስልክ ነው። እንደ ብዙው የአገሩ ወጣት በሞያሌ በኩል ወጥቶ፣ ስንት መከራ አይቶ፣ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። ከጆሃንስበርግ ራቅ ባለች ከተማ ትንሽ ሱቅ አለችው። የመኖሪያ ወረቀቱ ስላልተስተካከለ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ እናቱ ሲቀበሩም አልተገኘም። ከለቅሶው ወዲህ ስልኩ እየሳሳ መጣ። ቢደውልም፣ "ደህና ናችሁ? አባ ደህና ነው?" ይልና ወሬ ያልቅበታል።

አንድ እሑድ አስካለች ከቸርች ስትመለስ ደወለ።

"አስኩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትስቂብኝ።"

"ምን?"

"የእማ አልጋ በየት በኩል ነበር? ወደ ጓዳ ስንገባ በግራ ነው በቀኝ?"

"በግራ ነዋ! ከመስኮቱ ሥር።"

"እኔ በቀኝ አድርጌ ነው የማስበው። ቤቱን በሐሳቤ ልግባበት ስል፣ ቁራጭ ቁራጩ ብቻ ነው የሚመጣልኝ። እኛ ደግሞ የቤቱ ፎቶ እንኳ የለንም።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያ ንግግር ከአስካለች ጆሮ አልወጣ አለ። ሰኞ ቢሮ ገብታ የአንድ ነጋዴን ፎቅ ደረጃ ስትሥል ሐሳቡ መጣላት፤ የሰውን ቤት ሁሉ ስሠራ የራሳችንን ለምን አልሠራውም? መሥሪያውን ደግሞ ራሱ አንጁሎ ነበር ያስተማራት።

ልጆች ሳሉ በዴሳ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ጌም ቤት ነበር። አንጁሎ እዚያ ተራ አስከባሪ ነበር። ከሚጫወቱት አንዱ የድሮ የተኩስ ጨዋታ ሲሆን፣ አብሮት የራስን የጨዋታ ቦታ መሥሪያ ፕሮግራም ነበረው። ሌሎቹ ሲተኳኮሱ አንጁሎ መሥራቱን ያዘ። የበዴሳን ገበያ በኮምፒውተር ሠርቶት፣ ልጆቹ በበቆሎ ጆንያና በከብት በረት መሀል ሲሳደዱ ይውሉ ነበር። ይህንን የሚሠሩትን ቦታ "ካርታ" ነው የሚሉት። አስካለች ምሳውን ይዛለት ትመጣና ሳህኑ እስኪመለስ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ዛሬ እንጀራ የሆነላትን ሙያ የጀመረችው እዚያ አግዳሚ ላይ ነው።

ካርታ መሥራት አንድ ትልቅ ጣጣ አለው። የጨዋታው ዓለም ዙሪያው የተዘጋ መሆን አለበት። ወለሉ፣ ግድግዳው፣ ሰማዩ ሳይቀር እንደ ሣጥንና ክዳን መግጠም አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ነው። የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረች ፕሮግራሙ ውስጡን ከውጪው መለየት ያቅተዋል፤ ብርሃኑንና ጥላውን ሳያሰላ ይተወዋል። ልጆቹ ይህን "ካርታው ያፈሳል" ይሉት ነበር። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ አንድ ውለታ ይውላል፤ ከውስጥ ካለ ዕቃ ተነሥቶ፣ በቀዳዳው ሾልኮ፣ ወደ ባዶው የሚወጣ ቀይ መስመር ያሰምራል። መስመሩን ተከትሎ ቀዳዳውን ማግኘት የሰው ፋንታ ነው። አንጁሎ ለዚህ አቻ አልነበረውም። ሌላው ተስፋ የቆረጠበትን ካርታ አምጥተውለት፣ እያፏጨ ቀዳዳውን ይደፍን ነበር።

አስካለች በዚያው በድሮው ፕሮግራም ክረምቱን ሙሉ ሠራች። ከቢሮ ስትመለስ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ትከፍታለች፤ አቶ ዱባለም ወንበራቸውን ከኋላዋ ይስባሉ። መጀመሪያ ላይ ዝም ብለው ያዩ ነበር። የጓዳው በር ሲገጠም ግን አላስቻላቸውም።

"ይሄ በር ተሳስቷል" አሉ በወላይትኛ።

"እንዴት አባ?"

"ወደ ውጪ ነው የሚከፈተው። ወደ ውስጥ ቢሆን የእናትሽን አልጋ ይመታ ነበር። ቤቱን የሠራሁት እኔ፤ ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?"

ከዚያ ወዲያ ቤቱን የሠሩት ሁለት ሆነው ነው። የምሰሶው ውፍረት፣ የመስኮቱ ከፍታ፣ ማሰሮ የሚቀመጥበት ጥግ ሁሉ ከአቶ ዱባለ አፍ ወጣ። የጓሮው እንሰት ጋ ሲደርሱ ግን አልተስማሙም። እሷ ከማድ ቤቱ ትንሽ አለፍ ብሎ ያበቃል አለች፤ እሳቸው ደግሞ በፍጹም አሉ። ቅዳሜ ሚኒባስ ይዘው በዴሳ ወረዱ።

ከቤቱ የቀረ ነገር አልነበረም። አቶ ዱባለ ከመንገዱ ዳር ቆመው በከዘራቸው፣ "ሳሎኑ ይሄ ነው" ብለው ሲያመለክቱ አንድ ሞተር ሳይክል በሳሎኑ ላይ አቧራ እያስነሣ አለፈ። ከበስተኋላ ያለው ቦይ ግን አልተነካም። ሽማግሌው ቀስ ብለው ወርደው ዳሩ ላይ ቆሙ።

"የእናትሽ እንሰት እስከዚህ ነበር" አሉ። "እዚህ ድረስ።"

ሰው የልጅነቱን ነገር አግዝፎ ያስታውሳል ይባላል፤ አስካለች ግን የእናቷን ጓሮ አሳንሳው ኖራለች። ቦዩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ቁልቁለቱ ሰያፍ ይወርዳል። በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ወደ ሶዶ ሲመለሱ እሷ በመስኮት የዳሞታን ተራራ የሸፈነውን ደመና ታያለች። በሆዷ አንድ ሐሳብ ነበር፤ ለማንም ያልተናገረችው። አንጁሎ ቤቱን ካየ ይመጣል፤ እንደ ምንም ብሎ ይመጣል።

በማግስቱ አጥሩን እስከ ቦዩ ገፋችው፤ እንሰቱንም ሞላችው። ከዚያ ካርታውን ወደ ጨዋታ እንዲለውጠው ፕሮግራሙን አዘዘችው። ያፈሳል። ቀዩን መስመር ተከትላ ሄደች፤ ቆርቆሮው ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር አልገጠመም። አቶ ዱባለ ሲሰሙ ሳቃቸው መጣ።

"እውነተኛውም ክረምት ክረምት የሚያፈሰው እዚያው ጋ ነበር!"

ያንን ደፍና ብትሞክር ሌላ መጣ፤ ሌላውን ብትደፍን ሌላ። ሁሉም ተደፍኖ አንድ ቀረ። መስመሩ ሳሎን ካለው መብራት ይነሣና በጓዳው አልፎ፣ በኋላ በር ወጥቶ፣ እንሰቱ ውስጥ ይገባል። በዚያ ሁሉ ቅጠል መሀል ይጠፋባታል። አጥሩን መረመረች፤ ገጥሟል። መሬቱን መረመረች፤ ገጥሟል። ቤቱም ያለ ጥላ፣ ያለ ብርሃን፣ እንደ ካርቶን ፈዝዞ ቀረ።

ጊፋታ ደግሞ ደረሰ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ነውና፣ ሶዶ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ በሚገባ ሰው ተጨናነቀች፤ ቅቤውና ሰንጋው ገበያውን ሞላው። የትም የሄደ በጊፋታ ቤቱ ይገባል። አስካለች ለበዓሉ እንዲደርስ ቸኮለች፤ ስለዚህ ጨዋታውን አክብዶ የሚያዘገየውን፣ አንጁሎም አጥብቆ የሚጠላውን ነገር አደረገች። ቀዳዳውን ትታ፣ ቤቱንና ጓሮውን ከነምኑ በአንድ ትልቅ ሣጥን ከበበችው። ባዶው ሣጥኑ ውስጥ ገባና ፕሮግራሙ ማፍሰሱን አላወቀም። ብርሃኑም ተሰላ። "የጊፋታ ነው፤ ክፈተው" የሚል መልእክት አስከትላ ላከችለት።

በበዓሉ ቀን፣ ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ ሳለ ደወለ። አስካለች ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

"አስኩ" አለ። "ቤታችን ነው።"

"አወቅከው?"

"ምን ማለትሽ ነው! ግን አያስኬድም። አንድ እርምጃ እራመድና ይደርቃል። የእኔ ላፕቶፕ ያረጀ ነው፤ ቢሆንም… በሣጥን ሸፍነሽዋል አይደል?"

"ለበዓሉ እንዲደርስልህ ብዬ ነው።" እሱ ግን ሳቀ። ከእናታቸው ሞት ወዲህ ያልሰማችው የድሮ ሳቁ ነበር።

"ስንቴ ነግሬሻለሁ! ጣራ ሲያፈስ ጣራው ነው የሚጠገን፤ ድንኳን አይጣልበትም። ከሣጥኑ በፊት ያለውን ዋናውን ፋይል ላኪልኝ። እሑድ ሱቄን ከሰዓት እዘጋለሁ።"

እሑድ ከሰዓት እሷ ሶዶ፣ እሱ እዚያ፣ አንድ ዓይነት ፋይል ከፍተው፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ተቀመጡ። አቶ ዱባለም ወንበራቸውን አቀረቡ።

"መስመሩን ተይው፤ ቅጠሉ ውስጥ ያሳስትሻል" አለ አንጁሎ። "ጓሮውን መሀሉን በግድግዳ ክፈይው። ወደ ቤቱ ያለውን ብቻ ሞክሪ።"

ሞከረች። "አያፈስም።"

"እንግዲያው ወደ ቦዩ ነው። እሱን ደግሞ ለሁለት ክፈይ።"

እንዲህ እየከፈሉ፣ እየሞከሩ፣ የጓሮው አንድ ጥግ ብቻ እስኪቀር አጠበቡት።

"እዚህ ምንም የለም" አለች። "አጥሩ ገጥሟል፣ መሬቱ ገጥሟል።"

"ቀና በይ።"

"ላይማ ሰማይ ነው።"

"እሱኑ ነው የምልሽ፤ ሰማዩን እዪው።"

ዕይታዋን በእንሰቱ ቅጠሎች መሀል ወደ ላይ አቀናች። እውነትም ከጥጉ ላይ እንደ ቢላ ጫፍ የሾለች ጥቁር ስንጥቅ ነበረች። አጥሩን በቦዩ ልክ ሰያፍ ስትገፋ፣ የሰማዩን ክዳን ግን ቀጥ አድርጋ ቆርጣው ኖሯል።

"አገኘኋት!" ብላ ጮኸች።

አንጁሎ ግን በቀዳዳው አልተደሰተም፤ ሌላ ነገር ይዞታል። "ቦዩ እንዲህ ሰያፍ ነበር እንዴ?"

"ከአባ ጋር ሄደን አየነው።"

"ሄዳችሁ ነበር?" አለ።

አስካለች የሰማዩን ጫፍ ስባ ከአጥሩ ጋር አገጠመችው። ፕሮግራሙም ሠርቶ ሠርቶ፣ ያለ አንዳች ቀይ መስመር ጨረሰ። የተደፈነውን ላከችለትና፣ በኢንተርኔት ተገናኝተው ሁለቱም አንድ ላይ ገቡ። የጠዋት ፀሐይ በጓዳው መስኮት ገብታ አልጋው ላይ ወድቃለች፤ የምሰሶው ጥላ ሳሎኑ ላይ ተጋድሟል። አንጁሎን የሚወክለው ሰው፣ መሣሪያ ያነገተ ወታደር፣ ከበሩ ቆመ። ጨዋታው ሌላ መልክ አልነበረውም።

"አባ፣ አልጋው በግራ ነው ለካ" አለ።

"በግራ ነው ልጄ።"

ወታደሩ በየክፍሉ ቀስ እያለ ዞረ። በኋላ በር ወጣ፤ እንሰቱ ውስጥ ገባ።

"እማ እዚህ ጋ ነበር ቁጭ ብላ እንሰቱን የምትፍቀው?"

"ትንሽ ወደ ቀኝ" አሉ አቶ ዱባለ። "እዚያ። እዚያ ነው።"

ወታደሩ እዚያ ቆመ፤ በርከክም አለ። አስካለችም የራሷን ሰው አምጥታ አጠገቡ አቆመችው። ስትሠራው በኖረችው ጓሮ ውስጥ እናቷ እንደሌለች ያን ጊዜ ገና የሰማች መሰላት።

"አንጁሎ" አለች፤ ድፍረቱ መጣላት። "አትመጣም?"

"ወረቀቱ አስኩ…" አለና ተወው። "እመጣለሁ ብዬ ልዋሽሽ?"

"አትዋሽ።"

ከእሱ በኩል የብረት መስኮት ሲንኳኳ ተሰማ። ሱቁ መዘጋቱን ያላወቀ ደንበኛ ነው። "መጣሁ" ብሎ ስልኩን አስቀመጠው። ወታደሩ እንደተንበረከከ ቀረ።

"ምነው አልንቀሳቀስ አለ?" አሉ አቶ ዱባለ።

"ሱቅ ሰው መጣበት።"

"ይመለሳል?"

"ይመለሳል አባ።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ አንጁሎ ካለበት ኔትወርኩ ተቋረጠ መሰል፣ ወታደሩ ከእንሰቱ ሥር ጠፋ። አስካለች ግን አልዘጋችውም፤ አባቷም ዝጊው አላሏትም።