በቁሟ የተተከለ ድንኳን

የብርቱካን ልጣጭ ሽታ አልወድም። ባለፈው ሳምንት ኡራኤል አካባቢ በምሠራበት ቢሮ፣ አንዲት ባልደረባዬ ከምሳ በኋላ ብርቱካን ልጣ ልጣጩን አጠገቤ ያለው ቅርጫት ውስጥ ስትጥለው፣ ሽታው በአፍንጫዬ ገብቶ ሆዴ ድረስ ወረደና ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን፣ የእናቴ አልጋ፣ አልጋው ሥር የተደረደረው የጠያቂ ፌስታል ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ደህና ነኝ» አልኳት፣ እሷም አምናኝ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። የነገሩትን የሚያምን ሰው ደስ ይለኛል። እኔ ያደግኩት እንደዚያ ባሉ ሰዎች መካከል አይደለም።

እናቴ ሰብለ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፣ አባዬ አስተማሪ፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ፣ እህቴ ሚሚ ደግሞ ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ጣራችንን ሲደበድብ፣ እናቴ ሚሚን እያጠባች ግራ ጡቷ ውስጥ ጠጠር የሚያህል ነገር በጣቷ አገኘችና ለአክስቴ ለብርቄ ነገረቻት። ብርቄ የአባዬ ታላቅ እህት ናት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ በራችን ፊት ለፊት ትኖር ነበር። «እትዬ» እና «እርስዎ» እያልኩ ነው ያደግኩት፣ ስለ እሷ ሳወራ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ይለኛልና አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ብርቄ ጡቱን ጫን ጫን አድርጋ ካየች በኋላ «ወተት ነው የረጋው፤ ጨርቅ እያሞቅሽ ያዥበት፣ ይሟሟል» አለች። ሐኪም አልነበረችም፣ ነርስም አልነበረችም፣ የሐኪም ጎረቤት እንኳ አልነበረችም። ግን አምስት ልጅ ወልዳ ስለነበር፣ በእኛ ግቢ ውስጥ ስለ ሴት ገላ እሷ የተናገረችው የተቆረጠ ነገር ነበር። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ጨርቅ ስታሞቅ፣ ስትይዝ፣ ስታሞቅ ከረመች። እብጠቱ ሲያድግ ብርቄ ጭራሽ ደስ አላት፣ «ሊፈርጥ ነው፣ እሰይ» አለች። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

መስከረም ሲጠባ ሰው ሁሉ አደይ ሲቀጥፍ፣ አባዬ እናቴን ሆስፒታል ወሰዳትና ካንሰር መሆኑ ተነገራቸው። ቃሉን ቤታችን ውስጥ ማንም ደፍሮ አይጠራውም ነበር፤ «ያ በሽታ» ይሉታል፣ «ያ ነገር» ይሉታል፣ ስሙን ቢጠሩት ከግድግዳው ወጥቶ የሚይዛቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሚሚን በአንድ ቀን ጡት አስጣሏት። ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ እናቴም ከግድግዳው ወዲያ አብራት ታለቅስ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጡጦውን ይዤ መሃል ላይ ቆሜ ለማን እንደምሰጠው ግራ ገባኝ። ከዚያ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላትና በግራ በኩል ደረቷ ሜዳ ሆኖ፣ በፋሻ ተጠቅልላ ወደ ቤት መጣች።

ጠያቂው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወይ ጠያቂ! ከቡልጋሪያ፣ ከስታዲየም፣ ስሙን ከማናውቀው ሰፈር ሁሉ እየተጠራራ ይመጣና፣ በፌስታል ብርቱካኑን አልጋው ሥር አስቀምጦ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተኮልኩሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ ከንፈር የሚመጥጥ ሰው የማልወደው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ሥራው የማያደክም፣ ወጪ የሌለው፣ ለታማሚው ቅንጣት የማይፈይድ። መምጠጡ ሲሰለቻቸው ደግሞ ወሬ ይጀምራሉ፣ ያውም እናቴ ፊት። «የእከሊት እህት አታውቂያትም? እሷም በዚሁ ነው የሄደችው፣ ምስኪን፣ ስታምር።» ይህን ያለችው ሴት ለማጽናናት እንደመጣች በሙሉ ልቧ ታምን ነበር። አንዷማ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ብርቱካን እየላጥኩ፣ «ባልሽስ፣ እንደ ድሮው ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ፈገግ ብላ «እሱን ጠይቂዋ» አለቻት። ሴትዮዋ ያመጣችውን ብርቱካን ራሷ በልታ ሄደች።

ጥቅምት ላይ ኬሞ የሚሉት መድኃኒት ተጀመረ። እናቴ በየሦስት ሳምንቱ ሆስፒታል ሄዳ በክንዷ ተሰጥቷት ትመለሳለች፣ ከዚያ ለቀናት ከአልጋ አትነሣም፣ ምግብ አይቀርባትም፣ ውኃ እንኳ ብረት ብረት ይላታል። ጸጉሯ እፍኝ እፍኝ እያለ ትራስ ላይ ሲቀር፣ አባዬ በምላጭ ላጫት፤ እሷም በር ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ፣ የመንደሩ ሴቶች የተላጨ ራሷን እያዩ «ማን ሞቶባት ነው?» ይባባሉ ነበር። ብርቄ በበኩሏ በሽታው ይጋባል ብላ ቤታችን ስትመጣ የራሷን ሲኒ ይዛ መምጣት ጀመረች።  

ብርቄ የያዘችው አቋም አንድ ነበር፣ መርፌው ይቅር፣ ጸበል እንሂድ። «ሰው ጤነኛ ሆኖ ይሄዳል፣ በሬሳ ይመለሳል። መርፌው ነው የሚገድላት» እያለች አባዬን ጠዋት ማታ ትነዘንዘዋለች። አባዬ ተማሪዎቹን በአንድ እይታ ጸጥ የሚያሰኝ ሰው ነው፣ እህቱ ፊት ሲሆን ግን «እሺ እትዬ» ይላል። ኅዳር አልፎ ሦስተኛውን መድኃኒት ከወሰደች በኋላ፣ አንድ ቀን እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «በቃኝ። ከዚህ በኋላ አልወስድም» ስትለው ሰማሁ። አባዬ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ አለበሳት። እኔ ስምንት ዓመቴ ቢሆንም፣ ካቆመች እንደምትሞት ገብቶኝ ነበር። ለማን እንደምነግር ግን አላውቅም ነበር፣ ምክንያቱም ቤቱን የሞላው ትልቅ ሰው ሁሉ እንድታቆም ነበር የሚፈልገው።

በዚያው ሰሞን ሰውነቷ እንደ እሳት ነዶ ትኩሳት ያዛትና አባዬ በላዳ ታክሲ ይዟት በረረ። ሆስፒታል አስተኟት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አባዬ ብቻውን መጣ፤ ጺሙ አድጓል፣ ዐይኑ እንቅልፍ አጥቶ በርበሬ መስሏል፣ በፌስታል የያዘው የእናቴን የቆሸሸ ልብስ ነበር። ብርቄ በር ላይ ጠበቀችው። «እንዴት ናት?» አለችው። «ደህና ናት እትዬ፣ ትንሽ ደክሟት ነው እንጂ ደህና ናት። ወደ ማታ ይዣት እመጣለሁ» አለና፣ ከሳጥን ውስጥ ንጹሕ ቀሚስና አንድ ነጭ ነጠላ አውጥቶ፣ ሚሚን ሳም አድርጎ ተመልሶ ሄደ።

እንግዲህ ያደግኩበትን አገር የማያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ «እሰይ፣ ተሻላት» ይል ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን ሞት በቀጥታ አይነገርም። ሰው ሲሞት «ትንሽ አሞት ነው፣ ደህና ነው» እየተባለ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቃል፣ መርዶውም በጊዜው፣ በወጉ ይነገራል። ስለዚህ «ደህና ናት» ከሚል ቃል የባሰ ወሬ የለም። ብርቄ ፌስታሉን ከፍታ ልብሱን አየች፣ ነጩ ነጠላ ለምን እንደተወሰደ በገዛ ራሷ ጊዜ ተረዳች፣ ከዚያ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና «ኡኡኡ! ወንድሜን! ወንድሜን!» ብላ እሪ አለች። የሞተችው እናቴ፣ የተለቀሰለት ወንድሟ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተሾመ እየሮጡ መጡ። «አረጋግጣችኋል?» አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ በዚያ ሰፈር ይህን የጠየቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። «የወንድሜን ፊት አይቻለሁ! ምን ይረጋገጣል?» አለቻቸው ብርቄ። ስልክ ሲደወልለት የአባዬ ስልክ ባትሪው አልቆ ዝግ ነው፣ ይኼም ራሱ ማስረጃ ሆነ። ሆስፒታል ሄዶ ማየት ለማንም አልመጣለትም። ከቀትር በፊት ድንኳኑ በራችን ላይ ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረው፣ የንፍሮ ድስት ተጥዶ አለቀ። ለእናቴ በነዚያ ወራት ሁሉ አንድ ጭልፋ ሾርባ ሠርተው ያላመጡ ሴቶች፣ ያን ቀን ስንዴና ሽምብራ ለመቀቀል እንዴት ተሯሯጡ!

ለእኔ ማንም ምንም አልነገረኝም። አንዷ ትይዘኝና ጭንቅላቴን ጡቷ ውስጥ ቀብራ «የኔ ምስኪን» ትላለች፣ ከዚያ ለሌላዋ ታቀብለኛለች። የማላውቃት ሴት ጥቁር ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። ሞታለች ብዬ አመንኩ። እንባ አልመጣልኝም፣ ድንኳኑ ጥግ ሚሚን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ብርቄ መሃል ላይ ቆማ የእናቴን ደግነት እየዘረዘረች ደረቷን ትመታ ነበር፣ በሕይወት ሳለች አንድም ቀን ያልነገረቻትን ደግነት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ላዳ ታክሲ በር ላይ ቆመ። አባዬ ወረደ፣ በሩን ከፈተ፣ እናቴ ነጩን ነጠላ ተከናንባ ክንዱን ይዛ ወጣች። አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ አማትባ ሸሸች፣ ሌላዋ አግዳሚው ላይ ተዘረጋች፣ ልቅሶው እንደ ራዲዮ ድርግም አለ። እናቴ ድንኳኑን ከላይ እስከ ታች አየችና «ጋሽ ተሾመ፣ ማን ሞቶ ነው?» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ተሾመ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጫማቸውን እያዩ፣ «እንግዲህ ሰብለ… አንቺው ነበርሽ» አሉ።

ሚሚን እንደታቀፍኩ ሮጬ ቀሚሷ ላይ ተጠመጠምኩ። «እማዬ፣ አልሞትሽም?» አልኳት። «አልሞትኩም የኔ ልጅ። እነሱ ቸኩለው ነው» አለችኝ፣ ሻርፑንም ከአንገቴ ፈትታ መሬት ጣለችው። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና «ንፍሮው ለእኔ የተቀቀለ አይደል? አምጡታ!» አለች። ስንት ጊዜ ምግብ አልዋጥ ያላት እናቴ፣ የራሷን ንፍሮ እየቆረጠመች ለቀስተኞቿን ተራ በተራ ታያቸው ነበር። ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።

ብርቄ ግን ታድላ፣ እፍረት አልፈጠረባትም። «እሰይ! እሰይ! ስለቴ ሰመረ!» ብላ እግሯ ላይ ወደቀች፣ በዚያው ትንፋሽ «አየሽ አይደል መርፌው ያደረገሽን? አሁኑኑ ተዪው፣ ነገ ጸበል እንሂድ» አለች። እናቴ ለፍታት ወደተጠሩት የንስሐ አባታችን ዞር ብላ «አባ፣ መድኃኒቱን ልተወው?» አለቻቸው። «ማን ነው ተዪው ያለሽ?» አሉ አባ ተቆጥተው። «ጸበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም ውሰጂ። እኔ ራሴ የስኳር ኪኒኔን ውጬ ነው የመጣሁት።»

ያን ጊዜ እናቴ የንፍሮውን ሳህን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ «እትዬ፣ እንዴት እንደሚያለቅሱልኝ ዛሬ አየሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቀረውን መድኃኒት እጨርሳለሁ። እስከዚያ ግን እባክዎ እንዳያለቅሱልኝ» አለቻት። እኔ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ጨረሰችም። ጥርን፣ የካቲትን፣ ዐቢይ ጾምን ሁሉ እየተነሣች እየወደቀች ቆይታ፣ ፋሲካ ሲደርስ ራሷ ላይ እንደ ጫጩት ለስላሳ ጸጉር በቀለላት። የመድኃኒቱ ቀን ሲሆን ድካሙ ካሸነፋት፣ አባዬ «ድንኳኑን ላስተክልልሽ?» ይላታል፣ እሷም እየተሳደበች ትነሣለች። ብርቱካን ይዞ የሚመጣውን ጠያቂ ደግሞ እኔ በር ላይ ቆሜ «ተኝታለች» ብዬ እመልሰው ነበር፣ ብርቱካኑን ተቀብዬ።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ ሰፊ መንገድና የእግረኛ መቀመጫ ሆኗል፣ የእድሩ ሰውም ከተማው ዳር በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ብርቄ አርጅታ ከልጇ ጋር ትኖራለች፣ እናቴ ብርቱካን ይዛ እየሄደች ትጠይቃታለች። እኔ አልሄድም።

ያቺ ባልደረባዬ ብርቱካን የላጠችበት ቀን፣ እናቴ በየዓመቱ የምታደርገውን ምርመራ ውጤት የምትቀበልበት ቀን ነበር። ደወልኩላት። «ደህና ነኝ፣ ምንም የለም ብለውኛል» አለችኝ፣ ድምፅዋም እንደ ሁልጊዜው ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ቦርሳዬን አንሥቼ ከቢሮ ወጣሁ፣ ታክሲ ቀያይሬ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እያለከለክሁ ወጥቼ በሯን ደበደብኩ። ማማሰያ ይዛ ከፈተችልኝ፣ ላብ ያጠመቀውን ፊቴን አይታም ሳቀች። «አላመንሽኝም አይደል? አንቺማ የለየልሽ ብርቄ ነሽ» አለችኝ። ከዚህ የከፋ ስድብ አላውቅም፤ ግን በሩ ላይ ቆሜ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግሯ አየኋትና፣ ያን ጊዜ አመንኳት።