ሳነቴን የሚሻገር ውሃ አይጠጣም

አባቴ የሃረና ጫካ ቡና በአይሱዙ ጭኖ ሮቤ ያመጣል። መንገዱ በሳነቴ ተራራ አናት ላይ ያልፋል፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ስለዚህ አባቴ ሕግ አወጣ፦ ሳነቴን የሚሻገር ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አይጠጣም። ለሽንት አውርዱኝ ያለ ተሳፋሪ ጎባ እስኪገባ ድረስ ሲተረብ ይከርማል። እሱ ራሱ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም፤ ይህንንም እንደ ጀግንነት ቆጥሮ ለአማቶቹ ሳይቀር ያወራል። ቤት ከገባም በኋላ አይጠጣም። «በዚህ ብርድ ማን ይጠማዋል? ውሃ የቆላ ሰው ይጠጣ» ይላል።

ባለፈው ክረምት ከጉዞ ሲመለስ ራሱን አመመው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ፤ ሊነሳ ሲል አዞረው። እናቴ አንዴ አየችውና ፈረደች፤ «ያ ረቢ! ብርድ መትቶታል!»

እኛ ሰፈር ብርድ የመታው ሰው መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ማላብ። ሁለት ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ በላዩ ላይ የጎረቤት ቡሉኮ ተጫነበት፤ የከሰል ምድጃውም ተጠጋለት። አባቴ አላበው። እኛም «እሰይ፣ ብርዱ እየወጣለት ነው» እያልን ተደሰትን። ትንሽ ቆይቶ መቃዠት ጀመረ።

ጎባ ሆስፒታል ወሰድነው። ነርሷ የእጁን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተነሳ ቀረ።

«ውሃ ነው ያለቀባቸው» አለች። «ብርድ ሲሆን ጥሙ አይታወቅም እንጂ ሰውነት ይደርቃል። ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት እኮ ውሃ ነው። የቀረቻቸውን ደግሞ እናንተ በብርድ ልብስ ጨመቃችኋት!»

እናቴ ቡሉኮውን ቀስ ብላ ከጀርባዋ ደበቀችው።

ግሉኮስ ተሰቀለለት። ነርሷ «ሽንታቸው ካልመጣ ለኩላሊታቸው ያሰጋል» ስትለን ሳቃችን ጠፋ። ሽንቱን በመያዝ ሲኮራ የኖረ ሰው፣ ቤተሰቡ በሙሉ ከቦት ሽንቱን ይጠብቅ ጀመር። አንዱ ግሉኮስ አልቆ ሌላ ተተካ። ጠብ የሚል ነገር የለም። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ዱዓ ታደርጋለች። እኔም ፈራሁ፤ ያለ እሱ ቀልድ ቤታችን ምን ሊመስል እንደሚችል ማሰብ አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገልጦ በጣቱ ጠራኝ። ጆሮዬን ሳስጠጋለት «ሴቶቹን ውጡልኝ በላቸው፤ መጥቷል» አለኝ።

እናቴ ሰማች። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ከወዲያ ክፍል ያሉ አስታማሚዎች «ወንድ ነው ሴት?» እያሉ መጡ። አባቴ በሃፍረት ጋቢውን ተከናነበ።

«ሴትዮ፣ አገር አሰማሽብኝ እኮ!»

«ይስማ!» አለች፣ እንባዋን በሻሿ እየጠረገች። «አንተ ስትሸና እኔ ከመበለትነት ተረፍኩ።»